ዋይፋዩ እምቢ ሲል፦ ለኔትወርክ ካርዳችሁ የሚታመን ኦፕን ሶርስ ድራይቨር አፈላለግ

ባለፈው ክረምት አንዲት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ ዝናቡ እየወረደባት መጣች፣ ላፕቶፑን ጃኬቷ ውስጥ ሸጉጣ እሷ ግን በስብሳ። «ብሮ፣ ኡቡንቱ ላይ ዋይፋዩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝና ድራይቨር ቀይሪ አሉኝ፣ ሶስት አይነት ጫንኩበት፣ አሁን ጭራሽ ዋይፋይ የሚባል ነገር የለውም» አለችኝ። ከፍቼ ሳየው ካርዱ ሪልቴክ 8821ሲኢ ነው፣ ኡቡንቱው (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው አንዱ የሊኑክስ አይነት) 22.04፣ ከርነሉ (የሊኑክሱ እምብርት) 5.15፣ ማለትም ድራይቨሩ (ካርዱን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ድሮም ውስጡ አለ። ካወረደቻቸው አንዱ ሲጫን የከርነሉን ድራይቨር እንዳይነሳ አግዶ የራሱን ተክቷል፣ የራሱ ደግሞ አልተነሳም። አንዲት የጽሁፍ ፋይል አጠፋሁ፣ ያወረደቻቸውን ነቀልኩ፣ ሪስታርት አረግኩት፣ የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ከነጁስ ቤቱ ተደረደረ። «በቃ? ይሄው ነው?» አለች። ይሄው ነው። መጀመሪያ ያስቸገራትን መቆራረጥም በአንድ መስመር ነው የፈታሁት፣ እሱን ወደታች እነግራችኋለሁ።

ይሄን ሁሉ ያመጣሁት ሰው ድራይቨር ሲባል የሚወርድ ነገር ስለሚመስለው ነው፣ ዊንዶውስ ያስለመደን ጣጣ ነው። ሊኑክስ ላይ የሚታመነው ድራይቨር ብዙ ጊዜ ከከርነሉ ጋር አብሮ የመጣው ነው። ምክንያቱም ከርነሉ ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀየር፣ የቀየረው ሰው እዛው ያሉትን ድራይቨሮች አብሮ ማስተካከል ግዴታው ነው፣ ከውጪ ለወረደው ግን ማንም ግድ የለውም፣ በሚቀጥለው አፕዴት ቢሞት የሚያለቅስለት ባለቤቱ ብቻ ነው። ስለዚ ፍለጋው «ከየት ላውርድ» ከሚለው ሳይሆን «የኔ ቺፕ ምንድነው፣ ከርነሌ ያውቀዋል ወይ» ከሚለው ይጀምራል።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡ በኛው ፊደል ነው የምፅፋቸው፣ እናንተ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚፃፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ፣ በትንንሽ ፊደል ምቷቸው። በፊደል በፊደል የነጠልኳቸውን ገጥማችሁ ፃፉ፣ በቃል መሀል ያለችውን ጭረት የምትፅፏት በሚጫኑ ፓኬጆች (ሶፍትዌሮች) ስም ላይ ብቻ ነው፣ ሌላ ቦታ ለማንበብ ነው።

መጀመሪያ ኢንተርኔቱን

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ደግሞ ድራይቨር፣ እዚ ጋር ነው ብዙ ሰው ተናዶ ዊንዶውስ የሚመልሰው። አትናደዱ። ስልካችሁን በቻርጀር ገመዱ ከላፕቶፑ ጋር አገናኙና ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን አብሩ፣ ሊኑክስ ስልኩን እንደ ኬብል ኔትወርክ ቆጥሮ ወዲያው ያነሳዋል፣ ምንም መጫን የለም። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ አንድሮይድ ስልኩ ዋይፋይ ላይ ከሆነ በገመዱ የሚያሳልፈው የዋይፋዩን ነው፣ የኢንተርኔት ፓኬጃችሁ አይነካም፣ ስለዚ የካምፓስም የካፌም ዋይፋይ በስልክ በኩል ላፕቶፑ ላይ መጠቀም ትችላላችሁ። ገመዱ ግን ዳታ የሚያሳልፍ ይሁን፣ ቻርጅ ብቻ የሚያረጉ ርካሽ ገመዶች አሉ፣ እኔ አንድ ቀን ግማሽ ሰአት ስልኩን ስሳደብ ቆይቼ ጥፋቱ የገመዱ ሆኖ ተገኝቷል።

ካርቶኑን እርሱት፣ ቺፑን እዩ

ካርቶኑ ላይ የተፃፈው የሻጩ ስም ነው፣ ድራይቨር የሚፈልገው ግን ውስጥ ያለው ቺፕ ነው። ይሄን በደንብ የሚያሳየው ታዋቂው የዩኤስቢ ዋይፋይ፣ የቲፒሊንክ 722ኤን ነው፣ የመጀመሪያው ቨርዥን ውስጡ አቴሮስ ኤአር9271 ነበር፣ ቨርዥን 2 እና 3 ግን ያው ስም ይዘው ውስጣቸው ሪልቴክ 8188ኢዩኤስ ሆነ። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መልካቸው አይለይም፣ በድራይቨር ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

ካርዱ ላፕቶፑ ውስጥ ያለ ከሆነ ኤል ኤስ ፒ ሲ አይ ብላችሁ፣ ስፔስ ሰጥታችሁ፣ ሰረዝ ኤን ኤን ኬ በሉት። ብዙ ነገር ይወርዳል፣ እናንተ ኔትወርክ ኮንትሮለር ወይም ኢተርኔት ኮንትሮለር የሚለውን ብቻ ፈልጉ። መጨረሻው አካባቢ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ኮዶች አሉ፣ እያንዳንዳቸው ባለአራት ቁምፊ። የልጅቷ 10ኢሲ፡ሲ821 ነበር የሚለው። የመጀመሪያው የሰሪው መታወቂያ ነው፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 8086 ኢንቴል (የድሮውን ፕሮሰሰራቸውን ቁጥር ነው መታወቂያ ያረጉት፣ ቀልደኞች)፣ 168ሲ አቴሮስ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም፣ 14ሲ3 ሚዲያቴክ። ሁለተኛው የቺፑ ነው። ስትፈልጉም ሆነ ሰው ስትጠይቁ የምትጠቀሙት ይሄን ጥንድ ነው፣ «ዋይፋይ ካርዴ ኤችፒ ነው» ብሎ መጠየቅ ሀኪም ጋር ሄዶ «ያመመኝ የጅማ ልጅ ስለሆንኩ ነው» እንደማለት ነው።

በዩኤስቢ የሚሰካ ዶንግል ከሆነ ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ በሉ፣ ስትነቅሉት የሚጠፋው መስመር የሱ ነው። እዚ ጋር አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ ርካሽ ዶንግሎች ሲሰኩ መጀመሪያ ራሳቸውን ሲዲ አስመስለው ነው የሚቀርቡት፣ ውስጣቸው የዊንዶውስ ድራይቨር ስላለ። መታወቂያው 0ቢዲኤ፡1ኤ2ቢ ካላችሁ እያያችሁት ያለው ዋይፋዩን አይደለም፣ የውሸት ሲዲውን ነው። ፋይል ማናጀሩ ላይ ኢጀክት አርጉት ወይም ዩኤስቢ-ሞድስዊች የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፣ ከዛ ድጋሚ እዩት፣ ትክክለኛ ቁጥሩን ይዞ ይመጣል። ስንት ሰው ነው በዚች ምክንያት ደህናውን ዶንግል «አይሰራም» ብሎ የመለሰው።

ዊንዶውስ ላይ ሆናችሁ ሊኑክስ ከመጫናችሁ በፊት ማወቅ ከፈለጋችሁም ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ካርዱን ከፍታችሁ ዲቴይልስ፣ ከዛ ሃርድዌር አይዲስ ውስጥ ያው ቁጥር ተፅፏል። ከመጫን በፊት ማየቱ ይሻላል በእውነት።

ከርነሉ ያውቀዋል ወይ

ያው የቅድሙ የኤል ኤስ ፒ ሲ አይ ትዕዛዝ፣ ላፕቶፑ ውስጥ ላለ ካርድ፣ ከካርዱ ስር ሁለት መስመር ያሳያችኋል። «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» የሚለው ካለ ድራይቨሩ አለ፣ ተነስቷል፣ ችግራችሁ ሌላ ቦታ ነው፣ ምንም እንዳታወርዱ። «ከርነል ሞጁልስ» የሚለው ብቻ ካለና «ኢን ዩዝ» የሚለው ከሌለ ድራይቨሩ አለ ግን አልያዘም፣ ወይ ታግዷል ወይ ፈርምዌር ጎድሎታል። ሁለቱም ከሌሉ ከርነላችሁ ቺፑን አያውቀውም ማለት ነው፣ ያኔ ዩኔም፣ ስፔስ፣ ሰረዝ አር ብላችሁ የከርነሉን ቁጥር እዩ፣ ወደታች ከምፅፋቸው ቁጥሮች ጋር ታወዳድሩታላችሁ።

ታግዶ ከሆነ ኢቲሲ ውስጥ ሞድፕሮብ-ነጥብ-ዲ የሚል ፎልደር አለ፣ እዛ ውስጥ ብላክሊስት የሚል ቃል አስከትሎ የድራይቨራችሁ ስም የተፃፈበት ፋይል ካገኛችሁ ጠላታችሁ እሱ ነው። የልጅቷም እዛው ነበር ተደብቆ።

ፈርምዌር የሚባለውን ደግሞ ከድራይቨር ጋር አታምታቱት። ድራይቨሩ ኮምፒውተሩ ላይ ነው የሚሰራው፣ ኮዱም ማንም እንዲያየው ክፍት ነው፣ ኦፕን ሶርስ ማለት እሱ ነው። ፈርምዌሩ ቺፑ ውስጥ ገብቶ የሚሰራ ሌላ ፋይል ነው፣ አብዛኛው ዝግ ነው፣ ሊኑክስ-ፈርምዌር በሚባል ፓኬጅ ነው የሚመጣው። ስለዚ «ሙሉ በሙሉ ኦፕን ሶርስ» የሚባል ዋይፋይ ከፈለጋችሁ ምርጫው በጣም ጠባብ ነው፣ ላፕቶፕ ውስጥ የሚገቡት የአቴሮስ ካርዶች ኤቲኤች9ኬ በሚባል ድራይቨር የሚነዱት የሚጫን ፈርምዌር ጭራሽ አይፈልጉም፣ ቅድም ያልኩት የኤአር9271 ዶንግል ደግሞ ፈርምዌሩ ራሱ ክፍት ነው። ሌላው ሰው ግን ብዙ ሳይጨነቅ ዝጉን ፈርምዌር ይጭናል፣ እኔም እንደዛው።

መጉደሉን የምታውቁት በሱዶ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ነው። ውስጡ ፈርምዌር የሚለውን ቃል ፈልጉ፣ ፌይልድ ብሎ መጨረሻው ላይ ኔጋቲቭ 2 ካለ ትርጉሙ «ፋይሉን አጣሁት» ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም። በተለይ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለባበጥ የኖረ የድሮ ዴቢያን (ሌላው የሊኑክስ አይነት) የጫናችሁ ሰዎች ይሄ ያጋጥማችኋል፣ ዴቢያን ዝግ ፈርምዌሮችን በዋናው መጫኛው ውስጥ ማስገባት የጀመረው ከ12ኛው ቨርዥን፣ እ.ኤ.አ ከ2023 ወዲህ ነው። አዲሱን አውርዱ፣ ግማሹ ችግር እዛው ያልቃል።

የማን ቺፕ ምን አይነት ነው

ኢንቴል ከሆነ ተመስገን በሉ። ድራይቨሩ አይደብሊውኤል-ዋይፋይ ይባላል፣ ራሳቸው የኢንቴል ሰዎች ናቸው ከርነሉ ውስጥ የሚንከባከቡት፣ የሚጠይቃችሁ በቂ አዲስ ከርነልና ፈርምዌር ብቻ ነው፣ ኤኤክስ200 ከ5.1፣ ኤኤክስ210 ከ5.10 ጀምሮ ይሰራሉ። ሚዲያቴክም ጥሩ ነው፣ ኤምቲ76 የሚባለው የድራይቨር ቤተሰብ ከርነሉ ውስጥ ነው፣ ትንሿ ኤምቲ7601 ዶንግል በራሷ ድራይቨር ከ4.2 ጀምሮ፣ አዲሱ ኤምቲ7921 ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ከ5.12፣ ዶንግሉ ከ5.18 ጀምሮ። ዶንግል ልግዛ ላለኝ ሰው ይሄን ነው የምመክረው።

ብሮድኮም የድሮ ላፕቶፕ ላይ ነው የሚገኘው፣ ሁለት መንገድ አለው፣ ቢ43 የሚባለው ሰዎች ቺፑን ከውጪ እያጠኑ የሰሩት ክፍት ድራይቨር ነው፣ ደብሊውኤል የሚባለው ደግሞ የኩባንያው ዝግ ድራይቨር። መጀመሪያ ቢ43ን ሞክሩ፣ ካልሆነ ግን በሰላም ዝጉን ጫኑ፣ በቺፑ ቁጥር ነው የሚወሰነው።

ሪልቴክ ላይ እንቆይ፣ ምክንያቱም ወደኔ ከሚመጣው ራስ ምታት አብዛኛው የሱ ነው። የኬብሉ በኩል ችግር የለም፣ አር8169 የሚባለው የከርነል ድራይቨር የተለመዱትን የላፕቶፕና የዴስክቶፕ ኢተርኔት ቺፖች ይዟቸዋል፣ አር8168 የሚባል የኩባንያውን ድራይቨር ጫኑ የሚላችሁ ሰው ካለ መጀመሪያ ለምን ብላችሁ ጠይቁት። ዋይፋዩ ግን በዘመን የተከፋፈለ ነው። አርቲደብሊው88 የሚባለው ድራይቨር ከ5.2 ጀምሮ (2019) ከርነሉ ውስጥ ገባ፣ መጀመሪያ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነበር የሚያውቀው፣ የዩኤስቢ ዶንግሎቹን ማወቅ የጀመረው ከ6.2 ወዲህ ነው፣ በየሱቁ የሞሉት 8812ኤዩ እና 8821ኤዩ ደግሞ ገና እ.ኤ.አ በ2025 በወጡት ከርነሎች ነው የገቡት። ዋይፋይ 6 የሆኑት በአርቲደብሊው89 ነው፣ ከ5.16 ጀምሮ። ስለዚ ያው ዶንግል አንዱ ጋር ተሰክቶ ወዲያው ሲሰራ ሌላው ጋር እምቢ ቢል ጥንቆላ አይደለም፣ የከርነል ቁጥር ነው።

ከዚ የሚመጣው መፍትሄ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነው፣ ድራይቨር ከማደን ከርነሉን ማሳደግ። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ብላችሁ ሊኑክስ-ጀነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04 የሚለውን ብትጭኑ ከ5.15 ወደ 6ቶቹ ትሻገራላችሁ፣ 24.04 ከመጀመሪያውም በ6.8 ነው የመጣው። አሮጌው ከርነል አይጠፋም፣ ካልተመቻችሁ ሲነሳ ሺፍት ወይም ኢስኬፕ ተጭናችሁ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ አሮጌውን መምረጥ ነው።

የግድ ከውጪ ማውረድ ካለባችሁ

አለ እንደዛ አይነት ጊዜም። እኔም በ8812ኤዩ ዶንግል ተይዤ አንድ ቦታ ካገኘሁት ኮድ ድራይቨር ገንብቼ ጅሬን በኩል ላለ ቢሮ ኮምፒውተር አስገባሁ፣ ሁለት ወር ቆንጆ ሰራ። ከዛ አንድ ሌሊት ከርነሉ ራሱን አፕዴት አረገ፣ ጠዋት ኢንተርኔት የለም፣ ሰዎቹ ሪፖርት መላኪያ ቀናቸው ነው፣ ደውለው ጠሩኝ፣ በባጃጅ በርሬ ስደርስ መብራት የለም፣ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ለአዲሱ ከርነል የሚያስፈልገው ሄደርስ የሚባለው ፓኬጅ አልወረደም፣ የኔ ስልክ ባትሪ አልቋል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዲኬኤምኤስ አላረግኩለትም ነበር። ዲኬኤምኤስ ከርነል በተቀየረ ቁጥር ድራይቨሩን ራሱ መልሶ የሚገነባ ነገር ነው፣ እሱ የሌለው የውጪ ድራይቨር የጊዜ ጉዳይ ነው እንጂ ይከዳችኋል።

ስለዚ ጊትሃብ (ሰዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ሳይት) ላይ አንድ ድራይቨር ስታገኙ ኮከቡን አትቁጠሩ፣ ኮከብ የሚሰጠው የመጀመሪያ ቀን የሰራለት ሰው ነው። እኔ የማየው መጨረሻ የተነካው መቼ ነው የሚለውን፣ የሚደግፈው ከርነል እስከ ስንት እንደሆነ የተፃፈ ነገር ካለ የናንተን መሸፈኑን፣ የዲኬኤምኤስ ፋይል መኖሩን፣ ላይሰንሱ ጂፒኤል (የክፍት ኮድ ፈቃድ) መሆኑን፣ ከዛ ኢሹስ (ሰዎች ችግራቸውን የሚፅፉበት) የሚለውን ከፍቼ አዲስ ከርነል ላይ «አይገነባም» ብለው ለጮኹ ሰዎች በስንት ጊዜ መልስ እንደተሰጠ ነው። አራት ወር መልስ የሌለው ከሆነ ቤቱ ባዶ ነው፣ አትግቡ። በጣም ጎበዝ ባለቤት ያለውም አንድ ሰው ብቻ ሲሆን አደጋ አለው፣ ላሪ ፊንገር የሚባሉ ሰው ለብዙ አመት የብሮድኮምና የሪልቴክ ዋይፋይ ድራይቨሮችን ለሊኑክስ ሲያስተካክሉ ኖረው እ.ኤ.አ በ2024 አረፉ፣ ስንቶቻችን ስማቸውን ሳናውቅ በሳቸው ስራ ኢንተርኔት ስንጠቀም ነበር። ደግነቱ ብዙው ስራቸው ከርነሉ ውስጥ ስለገባ ሌሎች ይዘውታል።

የጫናችሁት ከየት እንደመጣ ከጠፋባችሁ ሞድ-ኢንፎ ብላችሁ የድራይቨሩን ስም አስከትሉ። ኢን-ትሪ የሚል መስመር ፊትለፊቱ ዋይ ካለ የከርነሉ የራሱ ነው፣ ያ መስመር ከሌለና የፋይሉ አድራሻ ውስጥ አፕዴትስ፣ ዲኬኤምኤስ የሚል ካያችሁ የውጪ ነው። ላይሰንስ የሚለው ላይ ጂፒኤል መሆኑንም እዛው ታዩታላችሁ፣ የብሮድኮሙ ዝግ ድራይቨር ፕሮፕራይተሪ የሚል ነው የሚያወጣው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሉም በትክክል ተገንብቶ ሲነሳ ግን «ኪይ ዋዝ ሪጀክትድ» ካላችሁ ድራይቨሩ አይደለም የተበላሸው፣ ሴኪዩር ቡት ነው ያልተፈረመበትን አላስገባም ያለው። ሲጫን ፓስወርድ አስቀምጡ ብሎ ጠይቋችሁ ከሆነ ሪስታርት ስታረጉ በሚመጣው ሰማያዊ ስክሪን ላይ ኢንሮል ብላችሁ ያንን ፓስወርድ አስገቡ፣ ካልሆነ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት ሴቲንግ) ገብታችሁ ሴኪዩር ቡቱን አጥፉት።

መስራቱ ሳይሆን መቆየቱ

ተገናኘ ማለት ታመነ ማለት አይደለም። ስትፈትኑት ኢንተርኔት ላይ ባለ ሳይት አትፈትኑት፣ የቴሌውን መቆራረጥ በካርዱ ታሳብባላችሁ። ራውተሩን ነው ፒንግ ማረግ (በፒንግ ትዕዛዝ መልስ ይሰጥ እንደሆነ እየደጋገሙ መጠየቅ)፣ አብዛኛው ጊዜ 192.168.1.1 ነው፣ አሂዱትና አስር ደቂቃ ተዉት። ራውተሩ ሳይዘል እየመለሰ ፌስቡክ ካልከፈተ ጥፋቱ ከካርዱ አይደለም። ራውተሩ ራሱ እየዘለለ ከሆነ ወይም ከ3 ሚሊሰከንድ ተነስቶ 800 ከገባ ካርዱ ጋር ጉዳይ አላችሁ። ከዛ ላፕቶፑን ክዳኑን ዘግታችሁ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱና ክፈቱት፣ ከእንቅልፍ ሲነሳ ዋይፋዩ አብሮ ካልተነሳ እሱም ድራይቨር ነው።

የልጅቷ መቆራረጥ ፓወር ሴቭ ነበር፣ ካርዱ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ እያንቀላፋ። ሱዶ አይ-ደብሊው ዴቭ ብላችሁ፣ የካርዱን ስም አስከትላችሁ፣ ሴት ፓወር-ሴቭ ኦፍ በሉት (ፓወርና ሴቭ መሀል ሰረዙ ከታች ያለው ነው)። ከተሻለው፣ ሪስታርት ሲያረግ እንዳይመለስ ኢቲሲ ውስጥ ኔትወርክ-ማናጀር (የሁለቱ ቃላት መጀመሪያ ፊደል ትልቅ ነው)፣ ኮንፍ-ነጥብ-ዲ ፎልደር ውስጥ ፓወርሴቭ-ኦን የሚል ፋይል አለ፣ ውስጡ ያለውን 3 ወደ 2 ቀይሩት። የካርዱን ስም ካላወቃችሁት አይፒ ኤ ብትሉ ደብሊው ብሎ የሚጀምረው ነው።

ሁሉም እምቢ ካለ

ካርድ መቀየር ሽንፈት አይደለም፣ ሶስት ቀን ከመባከን ዩዝድ የኢንቴል ካርድ ገዝቶ ሁለት ብሎን መፍታት ይሻላል። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ላፕቶፑን ከፍታችሁ ቅርፁን እዩ፣ የድሮው ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስና አዲሱ ኤም.2 አይገጣጠሙም። የድሮ ኤችፒና ሌኖቮ ከሆነ ደግሞ ባዮሳቸው የማያውቁትን ካርድ አልቀበልም የሚሉ ሞዴሎች አሉ። ኤኤክስ201 ርካሽ አገኘሁ ብላችሁም ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይ እንዳትገዙት፣ ግማሽ ስራው ኢንቴል ማዘርቦርዱ ውስጥ ስለሆነ እዛ አይሰራም፣ የምትፈልጉት ኤኤክስ200 ወይም 210 ነው።

ዶንግል ከሆነ እኔ አሁን መርካቶ ስወርድ ኪሴ ውስጥ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይዤ ላፕቶፕ ተሸክሜ ነው። ባለሱቁ «ወንድሜ፣ ለሁሉም ይሰራል፣ ሲዲም አለው» ይለኛል ሁሌ። «እሺ ጋሼ፣ ሲዲውን ይተዉት፣ ልሰካው ብቻ» እለዋለሁ፣ ከፍላሹ አስነስቼ ኤል ኤስ ዩ ኤስ ቢ፣ ቁጥሩ፣ የዋይፋይ ዝርዝሩ፣ ሶስት ደቂቃ አይፈጅም። መጀመሪያ ሰሞን ሱቁን የምበረብርበት መስሎት ደስ አላለውም ነበር፣ አሁን ግን አዲስ እቃ ሲገባለት ራሱ «ና እስኪ ይሄን እየው» ብሎ ይደውላል፣ ሊኑክስ ላይ የሚሰራውን ለይቶ ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ የሊኑክስን አርማ «ፔንግዊን» ብሎ ይፅፍበታል።